የፓፓያ ፍሬ «በሳይንስ ተረጋግጧል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጁስ ቤት ፓፓያ ሲሰነጠቅ ፍሬው በማንኪያ ተጠርጎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ይህ ጥቁርና የሚያሟልጭ ፍሬ ሰሞኑን ገበያ አግኝቷል። ቲክቶክ ላይ «ጉበት ያጸዳል» ይባልለታል። ቴሌግራም ላይ ደርቆና ተፈጭቶ በላስቲክ ይሸጣል። ወስፋት ያወጣል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ካንሰር ይከላከላል የሚሉም አሉ። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ የማትቀር አንዲት አባባል አለች፦ «በሳይንስ ተረጋግጧል»።

በሌላ ወገን ደግሞ ነገሩን በሁለት ቃል የሚዘጉት አሉ፦ ወሬ ነው።

ሁለቱም ቸኩለዋል። በፓፓያ ፍሬ ላይ ምርምር ተደርጓል፤ አንዳንዱም ደህና ምርምር ነው። ችግሩ የተመረመረውና የሚሸጠው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። የሆድ ትል ላይ የተገኘ ትንሽ ውጤት ለጉበት፣ ለስኳርና ለካንሰር ማስታወቂያ ይውላል። አይጥ ላይ የታየው ለሰው ይነገራል። ስለዚህ እያንዳንዱን አባባል ለብቻው ነጥሎ «ይሄ የቱ ደረጃ ላይ ደርሷል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍሬው ሲታኘክ ለምን ያቃጥላል?

የፓፓያ ፍሬን በጥርሱ የሰበረ ሰው ጣዕሙ እንግዳ አይሆንበትም። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ማቃጠል ይመጣል፤ የፌጦ ዓይነት። መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፌጦም የፓፓያ ፍሬም ውስጥ ግሉኮትሮፔኦሊን የሚባል አንድ ዓይነት ውህድ አለ። ውህዱ በራሱ አያቃጥልም። እዚያው ፍሬ ውስጥ ግን ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለይቶ ተቀምጧል። ኢንዛይም ማለት ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ፍሬው ሲሰበር ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ቤንዚል አይሶታዮሳይኔት የሚባል የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ተክሉ ይህን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ፍሬውን ሊበላ የመጣን ተባይ ለማባረር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ጥያቄውን በቀጥታ አነሳ፦ የፓፓያ ፍሬ ትል የሚገድለው በዚህ ነገር ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለው? የተሞከረው አፈር ውስጥ በሚኖር፣ ላብራቶሪዎች በብዛት በሚጠቀሙበት ጥቃቅን ትል ላይ ነበር። መልሱ ዋናው፣ ምናልባትም ብቸኛው ገዳይ ቤንዚል አይሶታዮሳይኔት ነው የሚል ሆነ።

ይህች ትንሽ የኬሚስትሪ ነገር ብዙ ነገር ትለውጣለች። ፍሬውን ሳያኝክ እንደ ክኒን የሚውጥ ሰው ሁለቱ ነገሮች በደንብ ሳይገናኙ ሊያሳልፈው ይችላል። እንደ ሻይ የሚያፈላው ደግሞ ኢንዛይሙን በሙቀት ይገድለዋል። ተፈጭቶ ላስቲክ ውስጥ ወራት የቆየውስ? የሚያቃጥለው ነገር ተናኝ ነው፤ ቀስ በቀስ ይተናል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች «የፓፓያ ፍሬ ወሰድኩ» ቢሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ወስደው ሊሆን ይችላል። (ደረቅ የፓፓያ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ እየተቀላቀለ መሸጡ በቅመም ንግድ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ሳያውቅ የወሰደም አለ ማለት ነው።)

አዘገጃጀት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከወባ መድኃኒት ታሪክ ይታያል። የቻይናዋ ተመራማሪ ቱ ዩዩ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከአንድ የአሪቲ ዘመድ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቀድሞ የተሠራው ንጥር፣ ማለትም ከተክሉ ተዘፍዝፎ የወጣው ነገር፣ ውጤቱ አንዴ ታይቶ አንዴ ይጠፋ ነበር። አንድ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ቅጠሉ በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ አይልም። እሷም ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ቢሆንስ ብላ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት ስትሞክረው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈለች። የድሮ ዕውቀት ትክክል ነበር፤ ግን ትክክል የነበረው ከነአዘገጃጀቱ ነው።

ከሳህን እስከ ሰው

አንድ ተክል መድኃኒት ለመባል የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ኢን ቪትሮ ይባላል፤ ከሕያው አካል ውጭ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ማለት ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ወፍራም ነገር ንጥር ነው። ንጥሩ ባክቴሪያ ወይም የካንሰር ሴል ባለበት ሳህን ላይ ይጨመራል። ከሞቱ «ውጤት ታየ» ይባላል።

እዚህ ደረጃ ላይ ውጤት የማያሳይ ተክል ማግኘት ነው የሚከብደው። አረቄም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል። ጥያቄው በምን ያህል መጠን የሚለው ነው። ሳህኑ ላይ የተጨመረው መጠን በሰው ደም ውስጥ ፈጽሞ ሊደረስበት የማይችል ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብዙዎቹ «ካንሰር ገደለ» የሚባሉ ዜናዎች የሚሞቱት እዚህ ጋ ነው፤ ሞታቸው ግን ዜና አይሆንም።

ሁለተኛው ደረጃ እንስሳት ናቸው። እዚህ ጋ ደግሞ የሒሳብ ስህተት ይበዛል። ለምሳሌ አይጦች በኪሎ 200 ሚሊግራም ንጥር ተሰጥቷቸው የደም ስኳራቸው ወረደ እንበል። ይህን በቀጥታ በ60 ኪሎ ሰው ያበዛ 12 ግራም ንጥር ያገኛል። ስህተት ነው። ትናንሽ እንስሳት መድኃኒትን ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት ቶሎ ስለሆነ የአይጥ መጠን ወደ ሰው ሲቀየር ለ12 ገደማ ይካፈላል። ትክክለኛው መነሻ 1 ግራም ንጥር አካባቢ ይሆናል። 10 ግራም ደረቅ ፍሬ 1 ግራም ንጥር ከወጣው፣ ይህ በቀን 10 ግራም ፍሬ ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ ግን 120 ግራም ይላል። «አንድ ማንኪያ ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚለው ትእዛዝ ከየትኛው ሒሳብ መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከየትም።

ሦስተኛው በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው፤ ክሊኒካል ትሪያል የሚሉት። እሱም ራሱ ደረጃ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጉዳት ያመጣል ወይ ተብሎ ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ከዚያ ይሠራል ወይ ተብሎ፣ በመጨረሻም ካለው መድኃኒት ይሻላል ወይ ተብሎ ብዙ ሰዎች ላይ ይሞከራል።

60 የናይጄሪያ ልጆች

የፓፓያ ፍሬ ከብዙ ባህላዊ መድኃኒቶች የሚለየው ሰው ላይ መሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት ሰገራቸው ውስጥ ጥገኛ ተውሳክ የተገኘባቸው፣ ግን የሕመም ምልክት የሌላቸው 60 ልጆችን ለሁለት ከፈለ። ለ30ዎቹ በነፋስ የደረቀ የፓፓያ ፍሬ ከማር ጋር ተሰጠ። ለሌሎቹ 30 ማር ብቻ። ከሰባት ቀን በኋላ ሰገራቸው እንደገና ታየ።

ፍሬውን ከወሰዱት 23ቱ ነጽተው ተገኙ፤ 76.7 በመቶ መሆኑ ነው። ማር ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 5ቱ፣ ማለትም 16.7 በመቶ።

ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ነው። ማር ብቻ የወሰዱ አምስት ልጆች እንዴት ነጹ? ማሩ ራሱ ትንሽ ረድቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የታየው የተውሳክ ዕንቁላል በሁለተኛው ናሙና ውስጥ አልገጠመም። የሰገራ ምርመራ እንዲህ ነው፤ ዕንቁላሉ እኩል ተበትኖ አይገኝም፣ ከአንድ ሰው ዛሬ ታይቶ ነገ ላይታይ ይችላል። የማር ቡድኑ ባይኖር እነዚህ አምስት ልጆች በፓፓያው ስም ይመዘገቡ ነበር። ለማነጻጸሪያ የሚሰጥ፣ የሚመረመረው ነገር የሌለበት እንዲህ ያለው ምትክ ፕላሲቦ ይባላል። ቲክቶክ ላይ «እኔ ወስጄው ዳንኩ» የሚለው ምስክርነት የጎደለው ይሄ ነው።

በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ ተፈጠረ ለማለት ይከብዳል። ግን ልጆቹ 60 ብቻ ናቸው። ክትትሉ ሰባት ቀን ነው። ከመደበኛው መድኃኒት ጋርም አልተነጻጸረም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ብለው ነው ያወጡት። በኋላ ኬንያ ውስጥ የፓፓያ ፍሬ ዱቄት በገንፎ ተደርጎ ለተማሪዎች ተሰጥቶ ነበር። የወስፋት ዕንቁላል ቁጥር ቀነሰ፤ መደበኛውን የትል መድኃኒት አልቤንዳዞልን የወሰዱት ላይ ግን ይበልጥ ቀነሰ።

ስለ ጉበት የሚባለውስ? «ያጸዳል» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር አይችልም። የጉበት ኢንዛይም መጠን ይለካል፣ የጉበት ስብ ይለካል፤ ንጽሕና የሚለካበት መሣሪያ የለም። ስኳርና ካንሰር ላይ የሚጠቀሱት ሥራዎች በአብዛኛው አይጥና ሳህን ላይ የቆሙ ናቸው። ለእነዚህ ሲባል የታዘዘለትን ክኒን የሚያቋርጥ ሰው ኪሳራው ከፍሬው ዋጋ በጣም ይበልጣል።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም»

በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ቢጎዳ ኖሮ ይታወቅ ነበር» ይላል። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ወዲያው የሚገድል ወይም የሚያስመልስ ነገር በእርግጥም በልምድ ይለያል፤ የኮሶ ማውጫ በየስንት ጊዜው፣ በምን ያህል እንደሚጠጣ የሚነገረው ሥርዓት ከዚህ የመጣ ነው። በልምድ የማይያዘው ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት ነው። ዛሬ የተወሰደ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ኩላሊት ቢጎዳ ማን ያገናኘዋል?

ኮሶና እንቆቆ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ ዓይን እንደሚጎዳ ድሮም ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናት ኮሶንና በሕንድ የሚታወቀውን የእንቆቆ ዘመድ ለጫጩቶች ሰጥቶ የዓይን መጋረጃ ጉዳት አገኘ። የመተሬ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የመተሬ ፍሬ ለኮሶ ትል የሚወሰድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ንጥሩን መጠኑ በታወቀ ክኒን መልክ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። ለባህላዊ መድኃኒታችን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በሴሎች ላይ በተደረገ ምርመራ ዲኤንኤን፣ ማለትም የዘር መረጃ የተጻፈበትን ሞለኪውል፣ ሊጎዳ እንደሚችል ምልክት ታየ። ይህ ማለት መተሬ የጠጣ ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። መልስ ሳያገኝ ወደፊት መሄድ የማይቻልበት ጥያቄ ተነሳ ማለት ነው። በልምድ ብቻ ቢሆን ጥያቄውም አይነሳም ነበር።

ወደ ፓፓያ ስንመለስ፣ ሕንድ ውስጥ ላንጉር በሚባሉ ጦጣዎች ላይ የተደረገ ተከታታይ ጥናት አለ። በክሎሮፎርም የወጣ የፍሬው ንጥር በየቀኑ ለወንዶቹ ሲሰጥ በሦስት ወር ገደማ የዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ሕያው ዘር ጠፋ። ሲቆም ተመለሰ። ተመራማሪዎቹ የወንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ፍለጋ ላይ ስለነበሩ ለእነሱ መልካም ዜና ነው። ልጅ እየፈለገ ለ«ጉበት ማጽጃ» ብሎ በየቀኑ ለሚወስድ ሰው ግን መልካም ዜና አይደለም። ማንኪያ ሙሉ ፍሬ ያንን ያህል ያደርሳል ማለት አይቻልም፤ ንጥሩ ሌላ ነው። በከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው እርጉዝ አይጦችም ፅንስ አጥተዋል። ለእርጉዝ ሴት ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

የእኛው ምርምር ለምን መሃል መንገድ ላይ ይቀራል?

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚያወጡት ጥናት ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከሁለት ዓይነት አይወጣም፦ የትኛው ወረዳ የቱን ተክል ለምን ይጠቀማል የሚል ዝርዝርና የሳህን ሙከራ። ለማስተርስ መመረቂያ የሚበቃው በጀትም ጊዜም ይህን ያህል ነው። ሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በአንድ ወጥ ጥራት የተዘጋጀ ምርትና የዓመታት ገንዘብ ይጠይቃል።

የእንዶድ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ የበሽታውን መንገድ የሚቆርጥ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ቢሆንም አገር ውስጥ የተሠራው የመርዛማነት ጥናት በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ አልበቃም፤ በታወቀ የጥራት ደረጃ በሚሠራ ላብራቶሪ እንደገና ይሠራ ተባለ። ይህን የሚከፍል ለማግኘት ዓመታት ፈጀ። ከምርምር ባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አንዳንዶች ደረጃውን የድሃ አገር ሳይንስ ማገጃ አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ላይ ጥብቅ መሆን ግድ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የጥራት ደረጃው ትክክል ነው፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ግን መልስ አልነበረውም።

የደረጃዎቹ ልዩነት ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አይተናል። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር ለኮሮና የሚሆን አገር በቀል መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን ማለፉንና ወደ እንስሳትና ሰው ሙከራ እንደሚሸጋገር አስታወቁ። መግለጫው በአግባቡ ለሚያነብ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነን ይል ነበር። ፌስቡክ ላይ የደረሰው «መድኃኒቱ ተገኘ» ሆኖ ነው።

ፓፓያ ላይ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። ተክሉ መነሻው መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ዛሬ ሞቃት አገር ሁሉ ይበቅላል። ማንም ሊተክለው ይችላል። ደረቅ ፍሬ ላይ ጠንካራ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው እንዳይሠራው የሚከለክል የፈጠራ መብት፣ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ድርጅት ገንዘቡን አያወጣበትም።

«ታዲያ አልቤንዳዞል እያለ ለምን እንልፋ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። 400 ሚሊግራም አንድ ክኒን ለወስፋት በጣም ጥሩ ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ በትምህርት ቤቶችም በዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ነገር ግን ጅራፍ መሰል በሆነው ሌላ የአንጀት ትል ላይ ደካማ ነው። በዚያ ላይ በዚሁ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ በጎችና ፍየሎች ውስጥ የተላመዱ ትሎች በብዙ አገር ታይተዋል። ሌላ አማራጭ መፈለግ ቅንጦት አይደለም።

ነገሩን የሚቋጨው ሙከራ

የሚያስፈልገው ሙከራ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ቡድን መጠኑ የታወቀ የፍሬ ዱቄት፣ አንዱ አልቤንዳዞል፣ አንዱ ፕላሲቦ ይወስዳል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ቤንዚል አይሶታዮሳይኔት በየጊዜው ይለካል። ሰገራ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተወስዶ ዕንቁላሉ ይቆጠራል፤ ክትትሉም ከሰባት ቀን ይረዝማል። የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አብሮ ይደረጋል።

ሲሠራ ግን ጥቃቅኑ ነገር ያስቸግራል። ፍሬው ስለሚያቃጥል ልጁም ወላጁም የቱን እንደወሰደ ወዲያው ያውቃል። ፕላሲቦውም ማቃጠል አለበት። ፌጦ ጨምሮ ማታለል አይቻልም፤ እሱም ያንኑ ውህድ ይዟል። ምናልባት በጣም ጥቂት ሚጥሚጣ ያስኬድ ይሆናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አንድ ነገር ሳያስገባ አይፈቅድም፦ ፕላሲቦ የደረሳቸው ልጆችም ሆኑ ፓፓያው ያልሠራላቸው፣ ክትትሉ እንዳለቀ አልቤንዳዞል ይሰጣቸዋል።